ሃምሳ አለቃ ደምሴና የአይሞከር ጆሮ

ባለፈው ሐምሌ አንድ የባጃጅ ሹፌር ዝናብ ያበሰበሰው ውሻውን ታቅፎ ወደምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ ገባ። የደብረ ታቦርን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጭጋጉ ሳይጠሩት እስከ ጠረጴዛ ድረስ ይመጣል። ሰውየው ውሻውን ሲያስቀምጠው የረጠበው ጠጉር ሽታ እጄን ከታጠብሁበት የልብስ ሳሙና ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ክፍሉን ሞላው። የሥራ ባልደረባዬ አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ይህ የሃምሳ አለቃ ደምሴ ሽታ ነው።

ሃምሳ አለቃ ዕድሜያቸውን በውትድርና ውሻ ሲያሠለጥኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ከሰፈራችን አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አንድ ቁልፍ የጎደለው ካኪ ኮት፣ በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ፊሽካ፣ ጠርዙ የተበላ ሰማያዊ ደብተር ነበራቸው። ደብተሩ ላይ የጀርመን ሼፐርድ ውሻ ምን መምሰል እንዳለበት ከውጭ አገር መጽሐፍ አስተርጉመው በእጃቸው ጽፈውታል። ጥርሱ እንዴት መግጠም እንዳለበት፣ ጀርባው ወዴት ዝቅ እንደሚል፣ ሲሮጥ የኋላ እግሩ የት እንደሚያርፍ፣ ሁሉም አለ።

በእኛ አገር ውሻ ይመገባል፣ ይወደዳል፣ ግን አይነካም። ሃምሳ አለቃ ደግሞ በባዶ እጃቸው አፉን ከፍተው ጥርሱን ይቆጥራሉ። ከዚያ ከጆግ ውኃ አስቀድተው በልብስ ሳሙና እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። እንዲያም ሆኖ እሑድ ሲያስቀድሱ ከቅጥሩ ውጭ ነበር የሚቆሙት። ሴቶቹ ያሟቸዋል፤ ሐሜቱ ደርሷቸው እንደሆነ እንጃ፣ እሳቸው ግን ቦታቸውን ለቀው አያውቁም።

በየዓመቱ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከከብት ሐኪም ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ የውሻ ውድድር ያካሂዱ ነበር። ነጋዴዎችና የቢሮ ሰዎች ከባሕር ዳር ያስመጧቸውን ስድስት ሰባት ሼፐርዶች ይዘው ይሰለፋሉ። ሽልማቱ ሃምሳ አለቃ ራሳቸው የሰፉት የቆዳ የአንገት ቀበቶ ነው። በዚህ ቀበቶ የተነሳ የተኮራረፉ ጎረቤታሞች አውቃለሁ።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ቀበቶውን አያቴ ተመኙት። አያቴ አባ ጥሩነህ የመንገድ ሥራ ካምፕ ዘበኛ ነበሩ። አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ቡችላ ከነትውልድ ሐረጉ ወረቀት ሰጣቸው። ወረቀቱን በመስታወት አስገጥመው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ውሻውን ጎረቤት እንዲሰማው ብለው «አይሞከር» አሉት። ከዚያም የሚወዱትን ውሻ ሁሉ የሚያደርጉትን አደረጉ፤ ጆሮውን ቆረጡት። የውሻ ጆሮ ካልተቆረጠ ኃይለኛ አይሆንም ይባላል፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቡችላውን የሚያስቆርጠው እሳቸው ዘንድ ነበር።

አይሞከር ቀን ቀን ታስሮ ስለሚውል ሃምሳ አለቃ አይተውት አያውቁም። አያቴ ግን በማኅበሩ ጠላ ላይ «ቀበቶው የእኔ ነው» ብለው ፎክረዋል። አልፎ ተርፎም «ካልወሰደ ለገጠር ዘመዶቼ ሰጥቼ እገላገለዋለሁ» ብለው ማሉ። ያን የሰማሁ ዕለት እህል አልበላ አለኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዬን የሚልሰው አይሞከር ነበር፤ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም።

ቅዳሜ ደረሰ። ሃምሳ አለቃ ተንበርክከው ጥርሱን አዩ፣ ጀርባውን ዳሰሱ፣ አስሮጡት። ደብተሩ ላይ ምልክት ሲያደርጉ ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ሜዳው ላይ ከእሱ የሚስተካከል እንደሌለ እኔም አውቄያለሁ። ጆሮውን እንደ ደብተሩ ተራ ለመጨረሻ ትተውት ኖሮ፣ እጃቸው ጭንቅላቱ ላይ ደረሰና ቆመ።

«ይኸን ጆሮ ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አያቴ ደረታቸውን ነፍተው። «ሁለቱ እኩል አይደሉም? ልብ ብለው ይዩት እንጂ!»

ሃምሳ አለቃ ደብተሩን ገልጠው ጮክ ብለው አነበቡ። «ጆሮው ሙሉና ቀጥ ብሎ የቆመ ይሁን። የተቆረጠ ከውድድር ይወጣል።»

ወዲያው ልመና ተጀመረ። ከሁሉም ቀድመው የለመኑት ደግሞ ቀበቶው ለውሻቸው ሊሆን የነበረው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ሙላት ናቸው። «ሃምሳ አለቃ፣ በሞቴ! ሽማግሌ አይፈር፤ እኔ ትቼላቸዋለሁ።» ሌሎቹም «ለእኛ ሲሉ» እያሉ ከበቧቸው።

«ለእናንተ ብዬ ብተወው ጆሮው ይበቅላል?» አሉ ሃምሳ አለቃ፤ ቀበቶውንም ለጋሼ ሙላት ውሻ አሰሩለት።

አያቴ ገመዱን ይዘው ወደ ቤት ሄዱ። እኔ ከኋላ እያለቀስሁ ተከተልሁ። የዚያን ዕለት ሃምሳ አለቃን ጠላኋቸው፤ ደብተራቸውን ጎርፍ እንዲወስደው ተመኘሁ። በመጪው የገበያ ቀን አንድ የገጠር ዘመዳችን መጥቶ አይሞከርን እንዲወስደው ተላከበት።

ዘመዳችን ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው የግቢያችን በር ተንኳኳ። ሃምሳ አለቃ ናቸው፤ በእጃቸው የራሳቸውን ሴት ሼፐርድ ይዘዋል። ያችን ውሻ ለማንም ወንድ ውሻ አልሰጡም፤ ጋሼ ሙላት ሁለት ዓመት ለምነው እምቢ ተብለዋል።

«ደግሞ ምን ሊያወጡብን መጡ?» አሉ አያቴ ከተቀመጡበት ሳይነሱ።

«አባ ጥሩነህ፣ ቅዳሜ የፈረድሁት በጆሮው ነው። በዘሩ ፍረድ ካሉኝ ግን እንዲህ ያለ ውሻ በዚህ አገር አላየሁም። ከእሱ እንድትወልድልኝ ነው ያመጣኋት። ቡችሎቹ ጆሮ ይዘው ነው የሚወለዱ፤ እርስዎ እጅዎን ከሰበሰቡ።»

ሌላ ሰው ይህን ቢላቸው ኖሮ አያቴ ማባበያ ነው ብለው በሩን ያሳዩት ነበር። ይኸ ሰው ግን ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ሲለምነው ያልተበገረ ነው፤ ማባበል የሚያውቅ ቢሆን ቅዳሜ ባባበለ። ይህ ዛሬ የገባኝ ነገር ነው፤ ያኔ ያየሁት አያቴ ተነስተው የአይሞከርን ሰንሰለት ሲፈቱ ብቻ ነው። ለዘመዳችንም እንዳትመጣ ተባለ።

ስድስት ቡችሎች ተወለዱ፤ አንዱ ለእኛ ደረሰን። አያቴ ጆሮ የሚቆርጡበትን ካራ ለድንች መላጫ ሰጡ። በተከታዩ ጥር ቡችላውን ራሳቸው እየመሩ ሜዳው ላይ ወጡ። ሃምሳ አለቃ ተንበርክከው መረመሩት፤ በመጨረሻ ጣታቸው ጆሮው ላይ ደረሰ።

«ሙሉ ነው» አሉ ሃምሳ አለቃ።

አያቴ ፊታቸውን ወደ ከብት ሐኪም ቤቱ ግድግዳ አዙረው በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ቀበቶው ለማን እንደደረሰ እንኳ አላስታውስም።

ሃምሳ አለቃ ደምሴ ሲያርፉ ልጅም ቤትም አልተዉም፤ ደብተራቸው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ከሞቱ በአራተኛው ዓመት አንድ አዲስ ጎረቤት ቡችላ አቅፎ «አባ፣ ይኸን ይቁረጡልኝ» ብሎ መጣ። አያቴ ያኔ ዓይናቸው ደክሞ፣ በከዘራ ነበር የሚሄዱት። ከዘራቸውን አንስተው፣

«ውሰደው ወዲያ!» አሉት። «ሃምሳ አለቃ ምን ይሉኛል?»