ለጀማሪ የሚሆን መንገድ

...አባቴ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች፣ የመሸበት እንግዳ ነኝ» ሲል በሩ ወዲያው ይከፈት ነበር፤ እኔም ከኋላው...

ዛሬ ያንኑ ቃል በራሴ ድምፅ አልኩት።

የእህቴ ልጅ ሐያት እንዲህ ያለ የእግር ጉዞ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ የሚወስደውን መንገድ የመረጥኩላት አቀበቱ ለጀማሪ ስለማይከብድ፣ ድንኳን የምንተክልበት ሜዳ ሁሉ ለመንደር ቅርብ ስለሆነ ነው። ቢከፋ ሰው ቤት እንገባለን አልኳት።

(የድንኳኑን ቀዳዳ ያልሰፋሁትም ለዚሁ ነው።)

አመሻሽ ላይ በረዶ ጣለ። ድንኳኑ ውሃ ሞላ።

«አጎቴ፣ ጀማሪ ያልከው እኔን ነው ወይስ ድንኳኑን?» አለች ሐያት። ጥርሷ ይንገጫገጫል።

አሁን የትምህርት ቤት በረንዳ ላይ ነን። በሰው ጋቢ ተጠቅልላ ጉልበቴ ላይ ተኝታለች። ግንባሯ ያቃጥላል።

እናንተስ በዚህ ሰሞን መሽቶባችሁ የሰው በር አንኳኩታችኋል? ምን ገጠማችሁ? እኛን የገጠመን ይኸው።

የመጀመሪያው ቤት መብራቱን አጠፋ። ሁለተኛው ውሻውን ለቀቀብን። ሦስተኛው ጋ አንድ ሽማግሌ በሩን ገርበብ አድርገው የተሸከምነውን ቦርሳ አዩ።

«የማን ልጅ ነህ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው።

«አውቀዋለሁ። እዚሁ ቤት አድሯል። አላህ ይማረው።»

«አባባ፣ እሷን ብቻ አስገቡልኝ። እኔ ደጅ አድራለሁ።»

የተከተለን ሰው ይኖር እንደሆነ ከኋላችን ያለውን መንገድ ቆመው አዩ። ጋቢያቸውን አውልቀው ሐያት ትከሻ ላይ ጣሉት።

ከዚያ በሩ ተዘጋ። መወርወሪያው ከውስጥ ሲገባ ሰማን።