የኮች ከማል ክንድ

ባለፈው ወር በዩኒቨርሲቲያችን ሜዳ የመረብ ኳስ ልምምድ ልንጀምር ስንል፣ የስፖርት መምህራችን ከቦርሳቸው የብረት ሜትር አውጥተው የመረቡን ከፍታ ለኩ። ታችኛውን ጫፍ እኔ እንድይዝላቸው አዘዙኝ። መሬት ላይ ቁጢጥ ብዬ እንደያዝኩ ሳላስበው ፈገግ ብዬ ኖሯል።

"ምን ያስቅሻል?" አሉኝ።

"ምንም፣ ቲቸር።"

እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ ልምምዱ ሳይጀመር ይመሽ ነበር። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኖ ገና በመጀመሪያው ቀን ብዙ ማውራትም ደግ አይደለም። ያኔ ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ያደግኩት ከአሰንዳቦ ወጣ ብላ በምትገኝ የቡና መንደር ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ መንደራችን የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ነበራት። ቡድን ስል ስምንት ልጆች፣ አንድ ኳስና አንድ መረብ ማለቴ ነው። መረቡን የሠሩት አሰልጣኛችን ኮች ከማል ናቸው፤ ከአሮጌ የቡና ጆንያ ክር እየፈቱ፣ ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ ዋንዛ ሥር ተቀምጠው እየገመዱና እየቋጠሩ ክረምቱ ሳይገባ ጨረሱት።

ለአሰልጣኝነታቸው የሚከፍላቸው ሰው አልነበረም። ሥራቸው የቡና መፈልፈያ ማሽን ማንቀሳቀስ ነበር። የማሽኑ ጩኸት ጆሯቸውን ስላደከመው ሲናገሩ እሳቸውም ይጮኻሉ፤ "ይሄን ለማንም እንዳትነግሪ" ያሉት ነገር እንኳ ከሜዳው ማዶ ይሰማ ነበር። ቁመታቸውን የሚስተካከል በመንደሩ አልነበረም። በር ላይ ጎንበስ ማለት ስለለመዱ፣ በሩ ረጅም ቢሆንም ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡት።

መረቡ የተሰቀለበት ቀን ትዝ ይለኛል። ኮች ጅማ ለሚኖር ወዳጃቸው ደውለው የሴቶች መረብ ከፍታው ስንት እንደሆነ ጠየቁ። ሁለት ሜትር ከሩብ ገደማ ነው ተባሉ። እኛ ዘንድ ገመዱም ጣውላውም የሚለካው በክንድ ነው፤ ሁለት ክንድ አንድ ሜትር ይባላል። ኮች ክርናቸውን መሬት አስነክተው ክንዳቸውን በምሰሶው ላይ ዘረጉ። አራት ክንድ ተኩል ቆጠሩና ምሰሶውን በቢላ ጫር አደረጉት።

"ኩኖ! ይኸው!" አሉ። "ልክ እንደ ትልልቆቹ ከተሞች!"

ማናችንም አልተጠራጠርንም። ሁላችንም ስንለካበት የኖርነው ክንድ ነው፤ ምን ይጠረጠራል?

መረቡ ግን ሩቅ ነበር። "ኮች፣ ይሄ የሰው ነው የቀጭኔ?" ትላቸው ነበር ጓደኛዬ ጫልቱ። እሳቸውም "ዝለይ፣ ኢንታሎ፣ አንቺ ልጅ! ሰማዩ አይወድቅብሽም!" ይሏታል። ዘለልን። ክረምቱን ጭቃ ላይ እየተንሸራተትን፣ መስከረምና ጥቅምትን በአቧራ ዘለልን። ኳሱ መረቡን እንዲያልፍልን ከታች ወደ ላይ አድርገን መምታት ለመድን።

ኅዳር ሲገባ ከሰኮሩ ልጆች ጋር ግጥሚያ ተያዘልን። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ኅዳር ደግሞ በእኛ አገር ቡናው የሚቀላበት ወር ነው። በዚያ ወር እጅ ያለው ሁሉ ይለቅማል፤ ትምህርት ቤት እንኳ ግማሹ ወንበር ባዶ ይሆናል። ለአባቴ ስነግረው ቀና ብሎም አላየኝ። "ቀይ ቡና ፊሽካ እስኪነፋ ቆሞ አይጠብቅሽም" አለኝ።

በማግስቱ ኮች ከማል ራሳቸው ቤታችን መጡ። እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው ገቡ።

"ከማል፣ ለኳስ ከሆነ የመጣኸው እግርህን አደከምክ" አለ አባቴ።

"ለዳዶ ነው የመጣሁት።"

ዳዶ የጉልበት ልውውጥ ነው። ዛሬ አንተ ማሳዬ ላይ ትውላለህ፣ ነገ እኔ ማሳህ ላይ እውላለሁ። ቀን በቀን ይመለሳል፤ የታመመ ሰው እንኳ ተተኪ ይልካል እንጂ አይቀርም። ኮች ግን አንዲት የቡና እግር አልነበራቸውም። ቡና የሌለው ሰው በለቀማ ወር ዳዶ ሲጠይቅ አባቴ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ።

"ልጅህን ቅዳሜ ስጠኝ። እሑድ እኔ እለቅምልሃለሁ።"

"አንተ? ማሽን ፊት ቆመህ ደረቁን ታያለህ እንጂ ቀዩን መቼ ነክተኸው ታውቃለህ?"

"ማሎ፣ እባክህ! ጣት የለኝም እንዴ?"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። "እሺ፣ ትሂድ። ተሸንፋ ከመጣች ግን የባከነ ቀን ነው። ሁለተኛ ኳስ የሚባል ነገር እዚህ ቤት አይነሳም።"

ኮች ስምንት ቤት ዞረው ስምንት ቀን ቃል መግባታቸውን ኋላ ከጫልቱ ሰማሁ። በለቀማው ወራት ያላቸውን የዕረፍት ቀን ሁሉ ሰጥተው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ቆመን ተጓዝን። እናቴ የተቀቀለ ጎደሬ በኮባ ጠቅልላ ሰጥታኝ ስለነበር በሚጥሚጣ እየነካን ተካፈልነው። በመንገዱ ዳርና ዳር ቡና እንዲደርቅ ተሰጥቷል፤ ኮምጠጥ ጣፈጥ ያለው የቡና ገለባ ሽታ እስከ ሰኮሩ ድረስ አልተለየንም። ሁሉም ይዘፍናል። እኔ ግን "የባከነ ቀን" የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። ዘለልኩ፣ መታሁ፤ ኳሱ ከኋላው መስመር አልፎ ሄደ። ጫልቱ መታች፤ የእሷም ወጣ። ያልወጣልን ኳስ ትንሽ ነው። ተመልካቹ "አዲስ አበባ ልትልኩት ነው እንዴ?" እያለ ሲስቅብን የመጀመሪያው ዙር አለቀ።

በዕረፍቱ ኮች ወደ እኛ አልመጡም። ወደ መረቡ ምሰሶ ሄደው ተንበረከኩና ክንዳቸውን ይዘረጉ ጀመር።

"ጋሼ፣ ጨርቅ ሊገዙ ነው?" አለ አንዱ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

ለክተው ሲጨርሱ ፊታቸው ላይ ላብ ነበር። "ልጆቼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ፤ በሹክሹክታ ለማለት ፈልገው ይሆናል፣ ተቃራኒው ቡድን ግን ሁሉንም ሰማ። "ክንዴ ረጅም ነው። የኛ መረብ የሴቶች አልነበረም።"

"ታዲያ የማን ነበር?" አለች ጫልቱ።

"ዋላሂ፣ የወንዶቹ ሳይሆን አይቀርም።"

እርስ በርስ ተያየን። መጀመሪያ የሳቀችው ጫልቱ ነች፤ ከዚያ ሁላችንም። ኮች ብቻ አልሳቁም። "ስሙኝ፣ ከመረቡ በላይ ናችሁ። ወደ ላይ መምታት ተዉ። ወደ ታች!"

ሁለተኛውን ዙር አሸነፍን። የሚስቀው ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። በሦስተኛው ዙር እነሱ አንድ ነጥብ ሲቀራቸው ኳሱ ለእኔ ተነሳልኝ። ከፍ ብዬ ዘለልኩ፤ ሜዳቸው በሙሉ ከሥሬ ታየኝ። እጄ ግን ክረምቱን ሙሉ የተማረውን አደረገ። ወደ ላይ መታሁት። ወጣ።

ስንመለስ ማንም አልዘፈነም። ቤት ገብቼ ለአባቴ "ተሸነፍን" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

እሑድ ገና ጤዛው ሳይረግፍ ኮች ከማል ቅርጫት ወገባቸው ላይ አስረው ማሳችን ላይ ቆመዋል። የአባቴ ቡና ያረጀና ረጃጅም ነው፤ ጫፉን ለመልቀም ቅርንጫፉን በቆልማማ እንጨት ስበን አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ይለቅማል። ኮች እጃቸውን ብቻ ወደ ላይ ሰደድ ያደርጉታል። መጀመሪያ ላይ አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር ቀላቅለው አባቴ ተቆጣቸው። ረፋዱ ላይ ግን ቅርጫታቸው ከእሱ ቅርጫት ቀድሞ መሙላት ጀመረ። እኔ ከወዲያኛው ረድፍ ሆኜ እየለቀምኩ እሰማለሁ። ባልፈልግም እሰማ ነበር።

"ልጅህን የሰኮሩ ልጆች አላሸነፏትም" አሉት። "ያሸነፋት ይሄ ነው።" ክንዳቸውን ዘረጉና ስለ ምሰሶው፣ ስለ ቢላው ምልክት፣ ጨርቅ ሊገዙ ነው ስለመባላቸው አንድም ሳይደብቁ ነገሩት።

አባቴ ቅርጫቱን መሬት አስቀምጦ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። "ስንት ዓመት በዚህ ክንድ ገመድ ለክተህልኛል! ለካ ለዚህ ነው ሁልጊዜ የሚተርፈኝ!" አለ። ዓይኑን በጋቢው ጠረገና አንዱን ረጅም ቅርንጫፍ ሽቅብ አየ። "ለከርሞም ልጂቱን ትወስዳታለህ። ይቺን ክንድ ሳትይዝ ግን እንዳትመጣ።"

እኔ ከቡናው ጀርባ የያዝኩት ፍሬ ከእጄ ወደቀ። አጎንብሼ ስለቅመው ቆየሁ፤ ፊቴን ማንም እንዳያይ።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ፣ ከጅማ ገበያ ለኮች ከማል ሜትር ገዝቼ ወደ መንደሬ ሄድኩ። ሜዳው ላይ አዳዲስ ልጆች ይዘላሉ። ምሰሶው ላይ ሁለት ምልክት አየሁ። ታችኛው ግጥሚያ በሚደርስበት ሳምንት፣ ላይኛው በሌላው ጊዜ ሁሉ እንደሚያገለግል ኮች ነገሩኝ። ሜትሩን ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩትና መጀመሪያ የለኩት የራሳቸውን ክንድ ነው። ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡት፤ ልጆቹ ሁሉ ሳቁ።

ኋላ ዋንዛው ሥር ስንቀመጥ ግን ፊታቸው ጠቆር አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግጥሚያ አለ። ፎዚያ የምትባለውን፣ ከሁሉም የተሻለችውን ልጅ፣ እናቷ ከለቀማ አላስቀራትም ብለዋል። "እንደ ድሮው ዳዶ ልገባ ነበር" አሉኝ። "ትከሻዬ እምቢ አለ። እጄ ከጆሮዬ በላይ አይነሳም።"

ያኔ ለሰኮሩ ግጥሚያ እኔም በዳዶ አንድ ቀን ተቀብዬ እንደነበር ትዝ አለኝ። ቀኑን ለአባቴ የመለሱለት ኮች ናቸው። የተጫወትኩት ግን እኔ ነበርኩ።

"እኔ እገባለሁ" አልኳቸው። "ነገ እሑድ ነው። ነገ እለቅምላቸዋለሁ፣ ቅዳሜ ልጂቱን ይልቀቁልን።"

የፎዚያ እናት ቡናም ያረጀና ረጅም ነው። የኔ ክንድ ደግሞ አጭር ነው። ጠዋት ስወጣ የአባቴን ቆልማማ እንጨት ይዤ ሄድኩ።