እሺ ከማለት በፊት

ሲወስዱኝ የሻይ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። መርሳ ከተማ፣ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ያለ ሻይ ቤት ነው የምሠራው። ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው «ነይ ውጪ» አሉኝ። «እሺ» ብዬ እጄን በሻሼ ጠርጌ ወጣሁ። ወዴት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም። ሰው ፊት ቃል አይወጣልኝም፤ ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው።

ወልዲያ ወስደው ያሰሩኝ ቤት ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም። የማሽላ ብናኝ ከመጸዳጃው ባልዲ ሽታ ጋር ተደባልቆ ጉሮሮ ይይዛል። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። ነርስ ናት፤ ሁላችንም ሲስተር ነበር የምንላት።

ሲስተር ሆስፒታል ስትሠራ ቆይታ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማር ነበር። ትምህርቱ የሕክምና ምርምር ነው፤ አንድ መድኃኒት በሰው ላይ እንዴት እንደሚጠና። ሀብሩ ቆላ ወርዳ የወባ በሽተኞችን ስትከታተል ያዟት። ወረቀቷ ላይ ስም የለም፤ የበሽተኞቹ ምሥጢር እንዲጠበቅ በቁጥር ነው የጻፈቻቸው። ቁጥሩ የማን የማን እንደሆነ ተናገሪ ሲሏት እምቢ ብላ ቆይታለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል፣ እዚያው ሀብሩ፣ ግራና ከተማ እህል ይነግዱ የነበሩ አንዲት እናት ጠየቋት። እማማ ነበር የምንላቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ቢያስተምሩሽ ነው እዚህ ያደረሰሽ?»

«መጀመሪያ ያስተማሩኝ ማስፈቀድ ነው፣ እማማ። ሰው ገብቶት፣ ወዶ ካልሆነ ደሙን አለመውሰድ።»

«ለዚህም ዲግሪ ይሰጣል?»

«እኔም እንደርስዎ ነበር ያልኩት። እዚያው እናንተ አገር አንዲት እናት፣ አስረድቼ ሳልጨርስ እሺ ብለው ፈረሙልኝ። አስተማሪዬ ሄዶ ‹በምን ተስማሙ?› ቢላቸው፣ ‹ምን አውቄ፤ ልጅቱ ፀሐይ ላይ ቆማ አሳዘነችኝ› አሉት። ይሄ ፈቃድ አይደለም ብሎ ሰረዘብኝ።»

እማማ ሳቁ። «ታዲያ በር ላይ የቆመ እንግዳ እምቢ ይባላል?»

ሲስተር ትምህርቷ እንዳይጠፋት ነው መሰለኝ እኛን ታለማምደን ጀመር። እንደ በሽተኛ አድርጋኝ ስለ ጥናቱ ነገረችኝ። ደም ይወሰዳል፤ እምቢ ብል ሕክምናዬ አይቀርም፤ የሚቆጣኝም የለም።

«ትገቢያለሽ?»

«እሺ» አልኩ።

«ምን ውስጥ?»

ሻሼን ወደ አፌ ሳብኩ።

«ይቺ እንኳን እምቢ ልትል እሺዋም አይሰማ» አሉ እማማ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሻሼ ውስጥ ሳቅሁ።

ሲስተር አልሳቀችም። «የሰማሽውን በራስሽ አነጋገር መልሺልኝ» ብላ ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች። እየቆራረጥኩ መለስኩላት።

«አሁንስ?»

«ደሜን አልሰጥም።»

«አመሰግናለሁ» አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። እምቢ ብዬ ስመሰገን የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። የተጻፈ ወረቀትና እስክሪብቶ ፊቴ አደረገ።

«ልጄ፣ እዚህች ላይ ፈርሚና ዛሬውኑ መርሳ ግቢ።»

እሺ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ያንብቡልኝ» አልኩ። አልሰማኝም፤ ደገምኩት።

እየተነጫነጨ አነበበ። ሲጨርስ «በራሴ አነጋገር ልመልስልዎት» አልኩት።

«ምኑን?»

«ሲስተር ሻይ ቤታችን መጥታ ከታጠቁ ሰዎች መልእክት ስትቀበል አየሁ ነው የሚለው። እኔ ያየኋት እዚህ ነው። አልፈርምም።»

«እናትሽ ምግብ ይዛ በር ላይ ቆማለች።»

«አውቃለሁ።»

እስክሪብቶውን አንስቼ ክዳኑን ገጠምኩና ወደሱ መለስኩት። ክዳኑ ቶሎ አልገባልኝም ነበር። ዘበኛውን ጠርቶ «መልሳት» አለው።

መጋዘኑ ስገባ እማማ «ምን አልሽው?» አሉ።

«እምቢ።»

«ጮክ በያ።»

«እምቢ አልኩት፣ እማማ።»

ሲስተር ጠጋ ብላ ቦታዬን ለቀቀችልኝ።

እሷ ከኔ በፊት ወጣች። ትምህርቷን ትጨርስ አትጨርስ አላውቅም። እኔን ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ እንዳስገቡኝ ሁሉ ምክንያቱን ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ።

በቀደም ነጭ ጋወን የለበሰች ተማሪ ሻይ ቤታችን መጣች። ለጥናት ደም ትሰበስባለች። ቆማ እንዳታሳዝነኝ በርጩማ ሰጠኋት። እስክትጨርስ ሰማሁ፤ የገባኝን መለስኩላት።

«እኔ ይቅርብኝ» አልኩ።

«ችግር የለም፣ እህቴ። አመሰግናለሁ» ብላ ወደ ጎረቤት አለፈች።

በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን ግራና ቀኝ አየሁ። ማንም ሊወስደኝ አልመጣም። በሩን ክፍቱን ትቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።