ቅሬታ አቅራቢዋ እኔ ነኝ

ሰው ተጠራጣሪ ናት ይለኛል። ልክ ነው፣ ነኝ። ሃያ ዓመት ሱሪ ስሰፋ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሁለት ሜትር ጨርቅ አምጥቶ «ሦስት ነበር» የሚል፣ ራሱ ወፍሮ «አጠበብሽው» የሚል ደንበኛ ስንቱን ችዬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሰው ማመን ከየት ይመጣል?

ታናሽ ወንድሜ የእኔ ተቃራኒ ነው፤ ሰው ሁሉ ደግ ይመስለዋል። በሰባት ዓመቱ ክፉኛ ታሞ ከተነሳ ወዲህ አይሰማም። የሚያናግረውን ሰው አፍ እያየ ነው የሚረዳው፤ ፊት ለፊቱ ከሆኑ አንድ ቃል አያመልጠውም፣ ዞር ካሉ በቃ። በመዝገብ አያያዝ ዲፕሎማ አለው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ለመንግሥት ሥራ አመለከተ። የጽሑፍ ፈተናውን ያልፋል፣ ቃለ መጠይቅ ላይ «እናሳውቅሃለን» ይሉታል፤ እስከ ዛሬ ያሳወቀው የለም። ያን ሁሉ ጊዜ ሱቄ ጥግ ቁጭ ብሎ የሰው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ሲተክል ኖረ። አንድ ቀን አማርሮ አያውቅም፤ በእሱ ፈንታ አንጀቷ የሚያርረው እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ማስታወቂያ ገልብጦ መጣ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ብዛት አንድ፣ ለአካል ጉዳተኞች ብቻ።

«እታለም፣ ይቺ የእኔ ናት» አለኝ።

«ለማን እንደተያዘች እኔ ልንገርህ?»

«ለማን?»

«ለአንዱ የአለቃ ዘመድ ነዋ። አንተን ለማሟያ ነው የሚፈልጉህ።»

ሳቀብኝ። ያም ሆኖ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ለማውጣት ሦስት ሳምንት አብሬው ተመላለስኩ። ማስታወቂያው ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ አንቀበልም ይላል፤ እሱ ሠላሳ አምስት ሊያልፈው አራት ወር ቀርቶታል። ይቺ ካመለጠች ሌላ እንደሌለች ሁለታችንም እናውቃለን።

የቃለ መጠይቁ ቀን ጠባብ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ጫፉ ላይ በር አለ። ተላላኪዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ስም ትጠራና መልሳ ትዘጋዋለች። የተለጠፈ የስም ዝርዝር የለም። መስማት የተሳናቸው ያመልክቱ ብለው ሲያበቁ በድምፅ ይጠራሉ። ይሄ ሆን ተብሎ ነው አልኩ በሆዴ። «ስምህን እኔ እሰማልሃለሁ፣ አንተ ተረጋግተህ ተቀመጥ» አልኩት።

ፊት ለፊታችን ክራንች የያዘ ጎልማሳ ተቀምጧል። ሥራዬ ስለሆነ ዓይኔ ሱሪው ላይ ሄደ። ሁለቱም እግር ላይ እኩል ወርዷል። የሰለለ እግር ሱሪ ውስጥ ይታወቃል፤ ለስንቱ ሰፍቻለሁ። ሲገባ ክራንቹ በቀኝ ብብቱ ነበር፣ ውሃ ሊጠጣ ሲነሳ በግራ አደረገው። ተላላኪዋ ስታልፍ ደግሞ እሱን «ደህና አደርክ?» አለችው፣ እኛን ግን ዞር ብላም አላየችንም። በቃ፣ ነገሩ ገባኝ። ቦታው የተያዘለት ሰው ይሄ ነው።

ወንድሜን «መጣሁ፣ አምስት ደቂቃ» አልኩትና ምድር ቤት ወዳለው ቅሬታ ሰሚ ክፍል ወረድኩ። ወረቀት ለምኜ ጻፍኩ፦ ክራንች ይዞ የመጣው ተወዳዳሪ ጤነኛ ነው፣ አስመሳይ ነው፣ ይጣራልኝ። ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ጸሐፊው አንብቦ ማህተም መታበትና «ደፋር ነሽ እህቴ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ስመለስ የወንድሜ ቦታ ባዶ ነው። ባለክራንቹ በአገጩ በሩን እያሳየኝ «ገብቷል» አለኝ። ፊቴን አዞርኩበት።

ወንድሜ ፊቱ በርቶ ወጣ። ደረጃው ላይ ቆም ብሎ «ለጥቂት ነበር ያመለጠኝ» አለኝ። ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠርቷል። ተላላኪዋ የለም ብላ በሩን ልትዘጋ ስትል ባለክራንቹ በወንድሜ ጭን ላይ የነበረው ፋይል ላይ ስሙን አይቶ፣ «አለ፣ አለ» እያለ መጥቶ ትከሻውን ነካው።

«ሲጣደፍ ክራንቹ አዳልጦት ወደቀ፣ እታለም። ሳነሳው አየሁት፤ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሰው ሠራሽ ነው። ብብቱን ስለላጠው ነው አለኝ ክራንቹን የሚቀያይረው።»

ሰው ሠራሽ እግር ሱሪን እኩል ይሞላል። ሃያ ዓመት ስሰፋ ኖሬ ይሄ አልታየኝም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለወንድሜ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ከሳምንት በኋላ ውጤቱ ተለጠፈ። አንደኛ ባለክራንቹ፣ ሁለተኛ ወንድሜ፣ ተጠባባቂ። ከሥሩ ማሳሰቢያ አለ፦ አንደኛ የወጣው ተወዳዳሪ ቅሬታ ስለቀረበበት ታግዷል፤ ቅሬታ አቅራቢው በአምስት ቀን ውስጥ ካላነሳው፣ ማጣራቱ ጊዜ ስለሚወስድ ተጠባባቂው ይቀጠራል።

«ማን ይሆን እንዲህ ያለ ክፉ?» አለ ወንድሜ። በቦታው መደሰት እንኳ አልቻለም።

በማግስቱ ብቻዬን ሄድኩ። ጸሐፊው አወቀኝ። «ላነሳው ነበር» አልኩት። ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለኝ፤ «ተሳስቼ ነው ብለሽ ፈርሚ፣ ዛሬውኑ ይነሳል።» «ተሳስቼ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አስራ አንዱ ዓመት መጣብኝ። የቀሩት አራት ወራት መጡብኝ። ባለክራንቹ ወጣት ነው፣ ሌላ ያገኛል አልኩ፤ ዕድሜውን ማን ነግሮኝ? ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና «ነገ እመጣለሁ» አልኩት። አልሄድኩም።

ወንድሜ ተቀጠረ። ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ሲወጣ ሳየው ደስታዬም ሕመሜም አንድ ላይ ነው የሚመጣው። እሁድ እሁድ ያንኑ ነገር ያነሳ ነበር። «ያ ሰውዬ የት ገባ ይሆን? አፈላልገን እናመስግነው እንጂ።» እኔም «ከተማው ሰፊ ነው፣ የት ይገኛል?» እለው ነበር።

ባለፈው ወር አዲስ ሥራ ሰጡት፦ ያለፈውን ዓመት የቅሬታ ደብዳቤዎች በቁጥር አደራጅቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ። ያላነበበውን ወረቀት አያስቀምጥም፤ ጠባዩ ነው። የት ደረስክ እያልኩ እንደ ዋዛ እጠይቀዋለሁ። «ግማሽ ላይ ነኝ» ይለኛል፣ «ሊያልቅ ነው» ይለኛል። ሲበላ አየዋለሁ፣ ጫማውን ሲያወልቅ አየዋለሁ፣ ፊቱ ላይ ምንም ላገኝበት አልቻልኩም።

ሥራውን ሐሙስ ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ ሁለት እሁድ አለፈ። ስለ ሰውዬው አንድም ጊዜ አልጠየቀኝም፣ እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም።