ለዘነቡ የታሰበው ደሞዝ

ወደ እንግሊዝ አገር ልሄድ ከመንዝ ሞላሌ የወጣሁት ምሽት ላይ ነው። ወንድሜ ጋሼ ተሰማ በቅሎዋን ጭነው ደጅ ቆመዋል፤ እኔ ደግሞ ከምድጃው አጠገብ መነሳት አቅቶኛል። ጨረቃ ስላለች ብርዱን በጉዞ እንሸሸው ተብሏል። በመጨረሻ ስነሳ ጋሼ የለበሱትን የበግ ጠጉር በርኖስ አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉት።

«አይ ጋሼ፣ ይቅርብኝ። እርስዎ ምን ሊለብሱ?»

«ውሰጂ አልኩሽ።»

«ይቅርብኝ፣ ይህን ውርጭ በምን ሊችሉት ነው?»

«ተሰማ ይሙት!»

ያን ጊዜ ተቀበልኩ። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ይህን ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። በመጀመሪያው ግብዣ እጁን የሚዘረጋ ሰው ያላየለት ይባላል። ሰጪው ይለምናል፣ ተቀባዩ እምቢ ይላል፣ ሦስተኛው ላይ ይስማማሉ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ በእናቴ ጀርባ ላይ ሆኜ የለመድኩት ነው።

ዘነቡ በሩ ጋ ቆማ ታየናለች። የጋሼ ልጅ ናት። እኔ ከባሌ ቤት ተመልሼ፣ ሴት ወይዘሮ ሆኜ፣ ከሕፃናት ጋር ፊደል መቁጠር በጀመርኩበት ዓመት ተወለደች። አሁን ስምንተኛ ክፍልን ልትጨርስ ነው። ከዚያ በላይ ለመማር ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታ መቀመጥ አለባት። አንድ የጎረቤት አገር፣ የጊሼ ሰው ደግሞ ለልጁ በሚስትነት ጠይቋታል፤ ጋሼም ከፋሲካ በኋላ ቁርጡን ሊነግሩት ቀጥረውታል። እኔ ልክፈልላት ብል፣ «ሠርታ በደሞዟ ከሆነ ትማር፤ ከእህቴ ጉሮሮ ነጥቄ ግን ልጅ አላስተምርም» አሉኝ።

ስለዚህ ቃል ገባሁ። እንግሊዝ አገር ያለ አንድ ድርጅት ለጀማሪ ተመራማሪዎች ገንዘብ ይሰጣል፤ ጥናቱ ስለ ወጣቶችና ስለ ኑሮ ልዩነት ከሆነ። የእኔ ጥያቄ አጭር ነው፦ በአንድ ቤት ወንዱ ልጅ ደብተር ሲይዝ እህቱ ለምን እንዝርት ትይዛለች? ይህን መንዝን እየዞረች የምትጠይቅልኝ ረዳት ያስፈልገኛል። ረዳቷ ዘነቡ ትሆናለች፣ በደሞዝ።

«እትዬ፣ እኔ ጠያቂ?» ብላ ሳቀች። «እኔው ራሴ እንዝርቱን ይዤ?»

እንግሊዝ አገር ዝናቡ እንደ ሐምሌያችን በነጎድጓድ አይመጣም፤ ሳይሰማ ሰውን ያርሰዋል። ጭጋጉ ብቻ የአገሬን ደጋ፣ የጓሳን ይመስላል፣ በግ የሌለበት ጓሳ። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት፣ ሚስስ ፐርኪንስ፣ ለራት የተቀቀለ ድንች አቀረበችልኝ። በርበሬ የለ፣ አዋዜ የለ፤ ግን እንደዚያ ቀን ርቦኝ አያውቅም።

«ሌላ ድንች?»

«ኖ፣ ታንክ ዩ።»

ሳህኑ ወዲያው ከፊቴ ተነሳ። ዐይኔ እስከ ማድቤት ድረስ ተከተለው። ብርድ ነው እንጂ ረኃብ አይደለም ብዬ በርኖሴን ተከናንቤ ተኛሁ። በማግስቱም፣ በሠልስቱም እንዲሁ ሆነ።

በዚያው ሳምንት ኮሚቴው ጠራኝ። ለእኔ የሚሰጠውን ገንዘብ ፈቀዱ። እጅ ነሳሁ። ሊቀ መንበሩ ፒፓውን ከአፉ አወጣና፣ «እመቤት፣ አገርዎ ላይ ለሚቀጥሩት ረዳትም ደሞዝ ልንጨምርልዎ እንችላለን። ይፈልጋሉ?» አለኝ።

ልቤ ዘለለ። እንደ ጨዋ ልጅ ዐይኔን ወደ መሬት ጥዬ፣ «አይ፣ ይቅርብኝ፤ ይኸኛውም በዝቶብኛል» አልኩ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

ሁለተኛው መጣ፣ አልኩ በልቤ። «አዎን፣ እናንተን ማስቸገር አልወድም።»

ሦስተኛውን ጠበቅሁ። ሊቀ መንበሩ ፈገግ አለ፣ ብዕሩን ከደነ፣ ተነስቶም ጨበጠኝ። ከኋላዬ የሚጠራኝ ይኖራል ብዬ በኮሪደሩ እግሬን እየጎተትኩ ወጣሁ። አንድ በር ሲከፈት ዞርኩ፤ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች።

ነገሩን የፈታችልኝ ሚስስ ፐርኪንስ ናት። አንድ ጠዋት ማድቤት ገብቼ የደረቀ ዳቦ ስቆረጥም ያዘችኝ።

«ከራበሽ ለምን ኖ ትያለሽ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚጠይቁኝ።»

«ስንት ጊዜ ልጠይቅሽ? ድንች እኮ ነው የምሰጥሽ፤ ላገባሽ አይደለም!»

አብረን ሳቅን። ሳቄን ሳልጨርስ ሊቀ መንበሩ ብዕሩን ሲከድን ታየኝ። ጫማዬን ሳላስር ወደ ድርጅቱ ሮጥኩ።

«ስለ ረዳቷ ደሞዝ ነው» አልኳት ጸሐፊዋን። «ልመናው ገና አላለቀም ነበር።»

«ምኑ?»

«ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የጠየቃችሁኝ።»

መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። «ሊቀ መንበሩ እንዴት እንዳደነቁዎት ቢያውቁ! ይበቃኛል የሚል ተመራማሪ አይተው አያውቁም። ገንዘቡ ለሌላ አመልካች ተሰጥቷል።»

«እሱስ እምቢ አላለም?»

«ጥያቄውን ሳንጨርስ ነው እሺ ያለው።»

ሰርቄ ብያዝ የነፍስ አባቴ ንስሐ ይሰጡኝ ነበር። ለጨዋነት ምን ቀኖና ይሰጣል? በአደባባይ ስለ ሴት ልጆች ዕድል የሚያጠና ሰው ነኝ፤ የማውቃትን የአንዲቱን ዕድል ግን አንገቴን ደፍቼ መለስኩት። በመንገድ ሳልፍ ሰው ሁሉ የሚያውቅብኝ ይመስለኝ ነበር።

እውነቱን ለጋሼ በደብዳቤ አስታወቅሁ። ሁዳዴ ሲጋመስም ደብረ ብርሃን ስልክ ቤት እንዲመጡልኝ ላክሁባቸው። እንዲህ ያለውን ቀጠሮ ድጋሚ እስካገኝ ፋሲካ ያልፋል።

«በርኖሱ ይሞቃል?» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

«ይሞቃል፣ ጋሼ። የልጅቷን ነገር...»

«እኔ ከእንግዲህ አፌን አልከፍትም። ያንቺን ገንዘብ እቀበላለሁ ካለች ትማር፤ ይቅርብኝ ካለች ለጊሼው ሰው እሺ እላለሁ። ይኸው፣ ከአፏ ስሚ።»

«እትዬ?» አለች ዘነቡ። «ድምፅሽ ቀጠነብኝ።»

«ስሚኝ ዘነቡዬ። ከማገኘው እልክልሻለሁ፤ ደብረ ብርሃን ተቀምጠሽ ተማሪ።»

«አይ እትዬ፣ ይቅርብኝ። አንቺ በሰው አገር!»

«በሞቴ!»

«ይቅርብኝ፤ ምን ልትበዪ?»

ድምፅዋ ሲላላ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ብቻ እንደቀረኝ ዐውቄያለሁ፤ እሷም እየጠበቀች ነው። ትንፋሼን ስሰበስብ የእንግሊዟ ስልክ አገናኝ በመካከላችን ገባች።

«እመቤት፣ ጊዜዎ አልቋል። ይጨመርልዎ?»

አፌ ቀደመኝ።

«ኖ፣ ታንክ ዩ።»