«ውጭ ልሄድ ነው» ያልኩት

«እኔ ደላላ አላምንም፤ አንቺን ግን አምናለሁ» አለችኝና ካኪ ፖስታ አስጨበጠችኝ።

የሕንፃችን የጽዳት ሠራተኛ ናት። ፖስታው ውስጥ የልጇ የፓስፖርት ኮፒ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷና አራት ጉርድ ፎቶ አለ። ልጅቷ ነጭ ሸሚዟን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ፀጉሯን ጥፍር አድርጋ አስራ፣ ካሜራውን እንደ ፈታኝ ታየዋለች።

«ለአሠሪዎችሽ አሳዪልኝ። ሥራ አትንቅም በያቸው።»

ውጭ አገር የሚጠብቀኝ አሠሪ አልነበረኝም።

ለቡ፣ አንድ አዲስ ሕንፃ መግቢያ ላይ ሦስት ዓመት እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ሥራዬ መታወቂያ መቀበል፣ ስም መጻፍ፣ «ስንተኛ ፎቅ ነው?» ማለት ነበር። ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ እኔ እዚያው ነኝ። በየጠዋቱ ከመካኒሳ ታክሲ ተጋፍቼ የምመጣው ሌላው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ለመጻፍ ነበር። ቤተሰብ ጋ እየኖርኩ ደሞዜን አጠራቀምኩ፤ በሞያሌ ወጥቼ እስኪበቃኝ ድረስ ዓለምን መዞር ነበር ሐሳቤ።

ቤት ስናገር አባቴ ሳቀ። «ሴት ልጅ ምን ሆና ነው የምትዞረው? የዞረስ ጭንቅላትሽ ነው!» እናቴ አልሳቀችም፤ ለጎረቤት እንዳልናገር ለመነችኝ።

ስለዚህ ሥራ ስለቅ «መዞር» የምትለዋን ቃል አላወጣኋትም። «ውጭ ልሄድ ነው» አልኩ። በቃ። በእኛ አገር ውጭ የሚሄድ ሰው የሚሄደው ሊሠራ ነው። ዱባይ ነው ያለ አለ፣ ካናዳ ነው ያለ አለ። ጥበቃው ካናዳ አድርጎ አጸደቀውና «ያንን በረዶ የሚረገጥበትን ቦት ጫማ ላኪልኝ፤ የለቡን ጭቃ እረግጥበታለሁ» እያለ ይቀልዳል። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው። ሦስት ዓመት ሰላም ብላኝ የማታውቅ የሦስተኛ ፎቅ ጸሐፊ በአንድ ቀን «እህቴ» አለችኝ።

ዛሬ በጉዞዬ ላይ የማገኛቸው ሰዎች ሥራሽን እንዴት ለቀቅሽ ሲሉኝ፣ አለቃዬ ማመልከቻዬን ግራ ገብቶት ሁለት ጊዜ እንዳነበበው አወራለሁ። ይስቃሉ። ስለ ፖስታው አላወራም።

ያኔውኑ ልመልስላት እችል ነበር። ግን እሷ ልጇን ሰው ቤት ለማስቀጠር ደጅ ስትጠና፣ እኔ ካገኘሁት ሥራ ሸሽቼ አገር ለማየት ልሄድ ነው። ይህን በምን አፌ? «እሺ እትዬ፣ እሞክራለሁ» ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛዬን በቀን ሁለቴ ታጸዳልኝ ጀመር። ሻይ ስጨርስ ብርጭቆውን ከእጄ ትቀበላለች።

«ኧረ ተዪ፣ እኔ አጥበዋለሁ።»

«ተዪ ልጄ፣ አንቺ መንገደኛ ነሽ።»

ስትመጣ ሳይ ስልኬን ጆሮዬ ላይ እለጥፍ ነበር፤ ማንም ሳይደውልልኝ።

የመጨረሻዬ ቀን ከሰዓት በኋላ መግቢያውን ስትወለውል አገኘኋት። ፖስታውን ይዣለሁ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሥራ አላገኘሁም።»

መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «ውይ! ቪዛውን ከለከሉሽ?»

«አይ። መጀመሪያም ሥራ የለም። ዝም ብዬ አገር ለማየት ልሄድ ነው።»

«ዝም ብለሽ?»

«አዎ።»

«የሚቀበልሽ ሰውስ?»

«የለም።»

«መቼ ልትመለሺ?»

«አላውቅም።»

ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ምነው በጮኸችብኝ። ወለሉን ትንሽ አየችና በለሆሳስ፣

«ልጄ ሦስት ቀን ጾማልሻለች እኮ» አለች። «ከቤት ኅብረታችን ጋር። ስምሽን እየጠራን ነው የጸለይነው።»

«ይቅርታ» አልኩ። ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም። ፖስታውን ዘረጋሁላት። እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች፤ ሽርጡም ርሷል።

«እጄ እርጥብ ነው፣ ፎቶው ይበላሽብኛል። ጠረጴዛው ላይ አኑሪው።»

አኖርኩት። ወለሉ እስከ በሩ ድረስ ውሃ ነበር፤ በግድግዳው ጥግ ብቻ ቀጭን ደረቅ ቦታ ቀርቷል።

«በደረቁ በኩል ሂጂ፤ እንዳያንሸራትትሽ» አለችኝ።

በደረቁ በኩል ወጣሁ።