ቤትሽ የሰማሽውን

ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲፋጭ በሰማሁ ቁጥር ያ የእንግሊዝኛ መምህር ፊቴ ድቅን ይላል። ከአዲስ አበባ ተመድቦ ወረታ የመጣ፣ ጭቃችንን የሚጠየፍ፣ አነጋገራችን የሚያስቀው ሰው ነበር። ዛሬም አልወደውም።

እሱ በመጣበት ዓመት ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራ ሜዳ ባሕር ሲመስል፣ አጎቴ የእሱ ማሳ እንዳይዋጥበት ብሎ በማሳዎቹ መካከል ያለውን የአፈር ክትር ቆርጦ ውሃውን ወደ አባቴ ሩዝ ለቀቀው። አባቴ እሳት ዳር ተቀምጦ የገዛ ታናሽ ወንድሙን «ሞቱን ያሳየኝ» ብሎ ረገመው። እናቴ ደንግጣ አማተበች።

ውሃው ሸሽቶ የተረፈው ሩዝ ሲያፈራ ግን ቁጣውም ይበርድ ጀመር፤ ሁልጊዜ አብረው ያጭዱ ስለነበር መለያየቱ ሁለቱንም ከበዳቸው። ሽማግሌዎች ገብተው እርቁን ለእሑድ ቀጠሩ፤ የነፍስ አባታቸውም እስከዚያ ማንም ነገር እንዳያመላልስ ሁለቱንም ቤት ገዘቱ።

ዐርብ ዕለት መምህሩ የሰው ንግግር በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚተላለፍ ያስተምረን ነበር። ቃሉ እንዳለ ሲጠቀስ በትእምርተ ጥቅስ ይታጠራል፣ በራሳችን አፍ ስናወራው ምልክቱ ይቀርና ግሡ ወደ ኃላፊ ጊዜ ይሄዳል አለን። እኔን አስነሥቶ ምሳሌ ጠየቀኝ። ከመጽሐፉ አንዱን ስጀምር አለንጋውን ጠረጴዛው ላይ አጮኸና «ከመጽሐፉ አልፈልግም፤ ቤትሽ የሰማሽውን ተናገሪ» አለኝ። ዐይኔ አለንጋው ላይ ተተክሎ ሌላው ሁሉ ጠፋኝና፣ አባቴ አጎቴን የረገመበትን ቃል ተናገርኩ። መምህሩ እየሳቀ ሰሌዳው ላይ ወደ እንግሊዝኛ ሲገለብጠው፣ የአጎቴ ልጅ ከኋላዬ ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

እሑድ አጎቴ ሽማግሌዎቹ ወደተቀመጡበት ዋርካ ሥር መጣ፤ ግን አልተቀመጠም። «ሞቴን ለምኗል አሉ፤ እንግዲያው ስሞት እንዳይቀብረኝ» ብሏቸው ሄደ። አባቴ ቤት ገብቶ «የቤት ነገር ማን አውጪ አለሽ?» አለኝ። አልመታኝም፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሩዙ በየፊናው ታጨደ። መምህሩ በዓመቱ ተዛወረ፤ ያደረገውን ቢያውቅም ግድ የሚሰጠው አይመስለኝም። አጎቴ ከዓመታት በኋላ ሲሞት፣ አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ለብቻው ቆሞ አለቀሰ።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ እኔ ወደ ቤት ስገባ ጨዋታው ይቋረጥ ነበር። ዛሬ በእኔ ቤት ልጆቼ ሲገቡ ጨዋታው ይደምቃል፤ አባቴን ልጠይቅ ስሄድ ግን፣ አርጅቶም፣ ስለ ዝናቡና ስለ ሩዙ ብቻ ነው የሚያጫውተኝ።